ባልዲና የአዳራሹ ጣሪያ

ባልዲ የሚለውን ስም ያወጡለት የቮሊቦል ተጫዋቾች ናቸው። አንድ ክረምት የስፖርት አዳራሹ ጣሪያ በጨዋታ መሀል ማንጠባጠብ ጀመረ። እሱ በግራና በቀኝ እጁ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ የተመልካቹን ዓይን ላለመጋረድ ጎንበስ ብሎ በሜዳው ዳር ሲሮጥ ከተጫዋቾቹ አንዷ «ኧረ ባልዲ መጣ» አለች። ሳቁ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ተዛመተና ስሙ በዚያው ጸደቀ። መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር። ኩርፊያው ስሙን ይበልጥ እንደሚያደምቀው ሲያይ ተወው። ዓመታት ሲያልፉ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ፤ ወጣቶቹ ጋሼ ባልዲ ይሉታል፣ ሚስቱም ደስ ሲላት የባልዲው ጌታ ትለዋለች።

ወደ አዳራሹ የመጣው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ገና አዳራሽ አልነበረም። ቦታው ቄጠማ የሞላው ረግረግ ሆኖ፣ እሱ ከሌሎች ስልሳ የቀን ሠራተኞች ጋር አካፋ ይዞ መሠረት ቆፈረ። ሕንፃው ሲያልቅ ሌሎቹ እንጀራቸውን ፍለጋ ተበተኑ። እሱ ግን በሥራው መሀል ከቧንቧ ሠራተኛው እግር እግር ሥር እያለ ሙያውን ቀስሞ ስለነበር የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ቧንቧ፣ አምፖል፣ ወንበር፣ መዝጊያ፣ አሸንዳ፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሱ ነው። የትኛው ማብሪያ የትኛውን መብራት እንደሚያበራ፣ የትኛው ቧንቧ በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ በጨለማ ይነግርሃል።

ሚስቱንም ያገኘው እዚያው ነው። እሷ በመግቢያው በር አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ትኬት ትሸጥ ነበር። የትኬት መሸጫው መስኮት አልከፈት ብሎ ተጠራና፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን እሷ ትኬት መቁረጧን ሳታቋርጥ፣ የተጣበቀው መስኮቱ ነው ወይስ አንተ ነህ ብላ ጠየቀችው። ባልዲ ያን ቀን የመለሰው መልስ ምን እንደነበር እስከዛሬ ሁለቱ አይስማሙም። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጅቷም እናትና አባቷ ሥራ ላይ እያሉ በአዳራሹ የእንጨት ወለል ላይ ድክ ድክ ማለት ጀመረች።

ሕንፃም እንደ ሰው ያረጃል። ከከተማው ዳር አዲስ ስታዲየም ሲሠራ ትልልቆቹ ቡድኖች ወደዚያ ሄዱ። አዳራሹ ለፈተና መስጫ፣ ለዕቃ ኤግዚቢሽን፣ አልፎ አልፎም ለስብሰባ ሲከራይ ቆየ። ቋሚ ሆነው የቀሩት የቦክስ አሰልጣኙና አርባ የሚሆኑ ተማሪዎቹ ናቸው። አሰልጣኙ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ልቡ ግን እንደ ሕፃን በቀላሉ የሚነካ ሰው ነው። ከባልዲ ጋር ሃያ አምስት ዓመት አብረው ምሳ በልተዋል፤ አንዱ የሌላውን የጥርስ ሕመም ሳይቀር ያውቃል።

በእነዚያ ዓመታት የምሥራቁ ጣሪያ የባልዲ የልብ ቁስል ሆኖ ነበር። ካትራሜ ቀባው፤ ቆርቆሮ ቀየረ፤ አሸንዳ አስተካከለ፤ ውሃው ግን አንዱን ሲደፍኑበት በሌላ ይመጣል። ከዓመታት በኋላ ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ ሲያይ ጣሪያውን የተሸከሙትን ብረቶች ዝገት እንደ ብል በልቷቸዋል። ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አመለከተ። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ይያዝለታል ተባለ። በዚያው ዓመት አራት ጊዜ ጻፈ፤ አራት ጊዜም የሚቀጥለው ዓመት ተባለ። አምስተኛውን አልጻፈም። በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሦስት ረድፍ ወንበሮች በፕላስቲክ ሪባን አጠረና «ጥገና ላይ» የሚል ካርቶን ሰቀለባቸው። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣውን መሰላል በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለጠየቀው ሁሉ ቁልፉ ጠፍቷል ይላል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ።

ለጡረታ አንድ ዓመት ሲቀረው ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን አፍርሶ ቦታውን ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሊሰጥ ማሰቡን አስታወቀ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ግዑዝ አሮጌ ነገር ታቅፎ መኖር ምን ይረባል፣ ይፍረስ አለ። ሌላው ደግሞ ልጆቻችን ሌላ ምን አላቸው፣ ታድሶ ለሌላ አገልግሎት ይዋል አለ። የሁለተኛው ወገን መሪ አሰልጣኙ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ባልዲ ቤት መጣና ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ጉዳዩን ዘረገፈው። ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃው ለአደጋ የተጋለጠ ነው ሊል ነው፤ ይህን ሊያስተባብል የሚችል አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ አለው። ሰው ያምንሃል፤ ደህና ነው ብቻ በል፣ ሌላውን ለእኛ ተወው። ባልዲ ዝገት የበላቸው ብረቶች ታወሱት። ግን ሃያ አምስት ዓመት አብሮ የበላ ሰው ፊት እንዴት እንቢ ይባላል? እሺ አለ። ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ሁሉንም ሰማች።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው። የሕዝቡ ብዛት ያልተጠበቀ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ረጅም ንግግር አደረገ። ቀጥሎ የሕንፃውን ጥናት እንድታካሂድ የተቀጠረች ወጣት መሐንዲስ ተነስታ ሥራዋ ገና እንዳላለቀ፣ የጣሪያው በር ቁልፍ ጠፋ ስለተባለች ላይ ወጥታ ማየት እንዳልቻለች በአጭሩ ተናግራ ተቀመጠች። ባልዲ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጭኑን የሚያቃጥለው መሰለው። በዚህ መሀል አሰልጣኙ ስሙን ጠርቶ ወደ ማይክሮፎኑ ገፋው።

«ይህን ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለ ባልዲ። «ጠንካራ ነው። እሱ እኔን ይቀብራል እንጂ እኔ እሱን አልቀብረውም።»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በዳር ሲያልፍ የኖረ ሰው እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ወደ ቦታው ሊመለስ ዞር ሲል ግን ዓይኑ ወደ ምሥራቅ አመራ። ወንበር ያጣው ሰው ሪባኑን አንስቶ፣ ካርቶኑን መሬት ጥሎ፣ ሦስቱን ረድፍ ጢም አድርጎ ሞልቶታል። በመሀላቸው ልጁ የሦስት ዓመት የልጅ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታጨበጭባለች። ሕፃኗም አያቷን እያየች በትንንሽ መዳፎቿ ታጨበጭባለች።

በሰዎች መሀል እየተጋፋ ሄዶ ልጁን እናትሽ ፈልጋሻለች፣ ቶሎ ውጪ ብሎ አስወጣት። ሌሎቹን ግን ምን ብሎ ያስነሳቸው? አሁን ጠንካራ ነው ብሎ የማለው እሱ ራሱ አይደለም ወይ? ስብሰባው እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ጣሪያውን አየ። ማን ምን እንደተናገረ አንድም አልሰማም።

ከስብሰባው ወጥተው ቤት ሲገቡ ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች አተኩራ አየችው። ልጅቷን ለምን እንዳስወጣት ጠየቀችው። መጀመሪያ ሙቀት ነበረ አለ፤ ቀጥሎ ሕፃኗ እንዳትታፈን ብዬ ነው አለ። እሷ ዝም ብላ ጠበቀችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብራው ስለኖረች ዝምታ ከጥያቄ ይልቅ አፉን እንደሚያስከፍተው ታውቃለች። በመጨረሻ ስድስት ዓመት በሆዱ የያዘውን ሁሉ፣ የብረቱን ዝገትም የቁልፉንም ነገር፣ አወጣላት።

«ከተናገርኩ ያፈርሱታል» አላት።

«ይፍረስ» አለችው። «ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል። ሰው ላይ አይፍረስ እንጂ።»

ቀጥላም ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው፣ ነገ ጠዋት ሄደህ ለዚያች መሐንዲስ ንገራት አለችው። አሰልጣኙስ ሲላት፣ አሰልጣኙ ካኮረፈ ይበርድለታል፣ የሞተ ሰው ግን አይነሳም አለችና ልትተኛ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። መሐንዲሷን ከደረጃው ሥር በተሰጠቻት መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ በወረቀት ጥቅልሎች ተከባ አገኛት። ጭቃ የደረቀበት ቡትስ ጫማዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ከልጁ ታንሳለች፤ እሱ ግን እርስዎ እያለ ጀመረ። ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ትናንት ያልኩት ውሸት ነው አላት። አልጮኸችበትም፣ አላሳፈረችውም። ቡትስ ጫማዋን አጥልቃ፣ እንሂድ አለችው።

ከቆርቆሮው ሥር ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ እየተንፏቀቁ ገቡ። በትንሽ መዶሻ ብረቱን ስትነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። አንዱን ብሎን በጣቷ ይዛ ሳብ ስታደርገው ከነጥርሱ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ቀረ። ብሎኑን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ዓመት፣ ልጄ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በእሷ ትእዛዝ አዳራሹ ታሸገ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ለባልዲ መራራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ምንም አልተነገረኝም ብሎ ሊክድ ሲል የባልዲ ሚስት የአራቱንም ማመልከቻዎች ግልባጭ ከባሏ የመሣሪያ ሳጥን ፈልጋ ስላወጣች ነገሩ በዚያ በኩል ቶሎ ቆመ። በሰፈሩ በኩል ግን አልቆመም። ለማፍረስ የሚሟገቱት የሱን ቃል እንደ ባንዲራ ያውለበልቡት ጀመር። በየቀኑ ሰላም የሚለው ባለ ሱቅ እሱ ሲያልፍ ዕቃ የሚደረድር መስሎ ጀርባውን ይሰጠዋል። የቦክስ ተማሪዎቹ ከአዳራሹ አጥር ውጭ በአስፋልት ዳር ገመድ ሲዘሉ አየና መንገድ ቀይሮ ሄደ። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜ ነበርክ» አለው። ነበርክ የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጎ። መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። ባልዲ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ለጎረቤት የተሰበረ ቧንቧ እሠራለሁ ብሎ ገብቶም ደህናውን ሰበረው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መሐንዲሷ አስጠራችው። ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ነገሩን እንዲህ አስረዳችው፤ የታመመው የምሥራቁ ጣሪያ ብቻ ነው፣ የምዕራቡ ብረት ደህና ነው፣ ግድግዳውም ደህና ነው። ነገር ግን የጥንቱ ንድፍ ጠፍቷል። ቦታው ረግረግ የነበረ ስለሆነ መሠረቱ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራት አልቻለም። መሠረቱ ካልታወቀ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉንም ጠርጎ ከማፍረስ ሌላ መፍትሔ አይቀበልም።

ባልዲ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀ። መሐንዲሷ ግራ ገብቷት አየችው።

«መሠረቱን የቆፈርኩት እኮ እኔ ነኝ» አላት።

ከዚያ ተቀመጠና አወራት። የነበራቸው ፎርማን ግትር ሽማግሌ ነበር። ንድፉ ላይ ከተጻፈው ጥልቀት ደርሰው አበቃን ሲሉ፣ ሰውየው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አፈሩን በእጁ ይጨምቅና ገና ነው ይላል። እንደገና ይቆፍራሉ፤ እንደገና ገና ነው ይላል። ስልሳው ሠራተኛ በልቡ ሲረግመው ዋለ፤ ባልዲም ከረጋሚዎቹ አንዱ ነበር። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ጭቃ አልቆ ጠንካራ ቢጫ አፈር ሲመጣ ሽማግሌው እግሩን ሁለት ጊዜ መትቶ፣ በሉ አሁን አርማታ ሙሉበት አለ። እያንዳንዱ ምሰሶ ሥር የተሞላው አርማታ ስፋቱ አንድ ትልቅ አልጋ ያህላል። መሐንዲሷ ብዕሯን አስቀምጣ፣ ቦታውን በትክክል ልታሳየኝ ትችላለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ማለቷንም እርስዎ ማለቷንም ረስታው ነበር፤ እሱም ደስ አለው።

በምዕራቡ ማዕዘን፣ ከአሸንዳው መውረጃ ሦስት እርምጃ ለካና እዚህ አለ። ሁለት ቆፋሪዎች ጀመሩ። የሰው ቁመት ያህል ሲወርዱ ምንም አልነበረም። ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ መሐንዲሷም ሰዓቷን አየች። ባልዲ ሸሚዙን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና አፈሩን በእጁ ጨመቀው። ያ የረገሙት ሽማግሌ አፉ ላይ መጣ መሰለኝ፣ «ገና ነው» አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶማው ከአርማታ ጋር ተጋጨ። ስፋቱን ሲያወጡት ከተናገረው በስንዝር ይበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። ናሙናው ተቆርጦ ላቦራቶሪ ሄደና በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ አርማታው ዛሬ ከሚሞላው ከብዙው የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ስብሰባ የተካሄደው አዳራሹ ስለታሸገ ፊት ለፊቱ ባለው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። መሐንዲሷ አዲሱን ሐሳቧን አቀረበች። የምሥራቁ ጣሪያ ይነሳ፤ ያ ወገን ሰማይ የሚታይበት ግቢ ይሁን። የምዕራቡ ግማሽ መለማመጃ አዳራሽ ሆኖ ይቆይ። ከተመልካች ወንበሮቹ ሥር ያሉት መጋዘኖች የሙያ ማሠልጠኛ፣ የንባብ ክፍልና አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ይውጣቸው። የጀርባው ባዶ ቦታ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ እንደፈለገ ያድርገው። ከዚያ ባልዲ ማንም ሳይገፋው ተነሳ።

ባለፈው ጊዜ ጠንካራ ነው ያልኳችሁ የማውቀውን ደብቄ ነው አላቸው። ከዚያ ጣሪያ ሥር ተቀምጣችሁ ለነበራችሁ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የገዛ ልጄን አስወጥቼ የናንተን ልጆች ትቼ ነበር። ከዚያም ስለ መሠረቱ የሚያውቀውን ነገራቸው። ሲጨርስ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ እጁን አወጣ።

«አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ ያለንን ሰው አሁን በምን እንመነው?» አለ።

«እኔን አትመኑ» አለ ባልዲ። «ጉድጓዱ ክፍት ነው። ሄዳችሁ እዩት።»

ሰው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ከኋላቸው አሥር ሰው፣ ከዚያ መቶ። መንገዱን ተሻግረው በሰልፍ እየተጠባበቁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ እያሉ ማየት ጀመሩ። እንዴት ያለ አልጋ ነው፣ እኔ ቤት ያለው እንኳ ይህን አያህልም የሚል ቀልድ ተሰማ። ኃላፊውም ሰው ሁሉ ሲያየው መቅረት አሳፍሮት ከረባቱን በእጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ካሰበው በላይ ቆየ። ባለ ሱቁ ባልዲ አጠገብ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገና ደህና ሰነበትክ አለው።

የከተማው ምክር ቤት ድምፅ የሰጠው ከወር በኋላ ነው፤ የመሐንዲሷ ሐሳብ አሥራ አንድ ለዘጠኝ አለፈ። የተገኘው ሁሉ ማር አልነበረም። የጀርባው ቦታ ተሸጠ፤ እዚያ የነበሩት ሁለት ትልልቅ ዛፎችም ተቆረጡ። የመግቢያው በር በአዲሱ ንድፍ ስለሚሰፋ የትኬት ክፍሏ እንድትፈርስ ተወሰነ። ባልዲ ይህን ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ሲጨነቅ ዋለ። እሷ ግን ሰምታ ሳቀች። እዚያች ጉድጓድ የመሰለች ክፍል ውስጥ ወገቤን ነው የጨረስኩት፤ ሲያፈርሷት ጥሩኝ፣ የመጀመሪያውን መዶሻ እኔ ነኝ የምመታው አለች። ደግሞም መታች።

የጣሪያው ብረት መውረድ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ባልዲ ከአጥሩ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ከጎኑ የጎረነነ ሳል ሰማ፤ ዞር ሳይል ማን እንደሆነ አወቀ። ሁለቱም ዓይናቸውን ክሬኑ ላይ ተክለው ቆሙ። ክሬኑ አንዱን ብረት ከመሀል አንስቶ ገና ወደ ላይ ሲስበው ብረቱ ማንም ሳይቆርጠው ለሁለት ተሰበረና ግማሹ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። አቧራው ሲሰክን የወደቀበት ቦታ ታየ። አሰልጣኙ በጣቱ አመለከተ።

«ተራ እስኪደርሳቸው ልጆቹን የማስቀምጠው እዚያ ጋ ነበር» አለ። «ካንተ ሪባን ሁለት እርምጃ ወዲህ።»

አሰልጣኙ ሰፊ መዳፉን ባልዲ ትከሻ ላይ አሳረፈና እዚያው ተወው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ማን ማንን እንደጋበዘ ሳይታወቅ፣ አብረው ሄዱ።

አዲሱ ቤት የተከፈተው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ባልዲ ጡረታ ወጥቷል፤ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበሮቹ ሥር ባለው የማሠልጠኛ ክፍል የቧንቧ ሥራ ያስተምራል። አሥራ አራት ተማሪዎች አሉት፤ ስድስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከሁሉም ጎበዟ ቀደም ሲል አውቶቡስ ላይ ገንዘብ ተቀባይ የነበረች የሁለት ልጆች እናት ነች። ሚስቱ ከጎኑ ባለው የንባብ ክፍል ከሰዓት በኋላ መጻሕፍት ታውሳለች፤ በጊዜ ያልመለሰ ሰው ካለ በር ላይ ጠብቃ በስሙ ትጠራዋለች። ክፍት የሆነው ግቢ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ብስክሌት በሚማሩ ሕፃናት ይሞላል፤ የልጅ ልጁም በመካከላቸው አለች፣ ፍሬን መያዝ ግን ገና አልተማረችም።

ከአሰልጣኙ ጋር ደግሞ ጠብ ጀምረዋል። አሰልጣኙ ለተማሪዎቹ የሙቅ ውሃ ሻወር ይፈልጋል። ባልዲ ቧንቧውን ተማሪዎቼ ይዘረጉታል፣ ልምምድ ይሆናቸዋል ብሎ ቃል ገባ፤ እስካሁን የተዘረጋው ግን ግማሹ ነው። በዚህ ሳምንትም አሰልጣኙ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ የማሠልጠኛው ክፍል በር ላይ ቆመና መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ ጠየቀ።

«ሐሙስ» አለ ባልዲ፣ ከቧንቧው ቀና ሳይል።

«የትኛው ሐሙስ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ባልዲም ሳቁን ዋጥ አድርጎ መፍቻውን ለዚያች የሁለት ልጆች እናት አቀበላትና፣ በይ እስቲ አጥብቂው፣ ይኸ ሰውዬ ቆሞ እያየን ነው አላት።